የብረት ጣት

በጥቁር ሣጥኔ ውስጥ ሁለት ጣቶች አሉኝ፣
ጥፍር የሌላቸው፣ ከብረት የተሠሩልኝ፤
አንዱ የትልቅ ሰው፣ ሦስት አንጓ ያለው፣
አንዱ የሕፃን ልጅ፣ እርሳስ የሚያህለው።

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ባለ አንድ መስኮት ቤት፣
ሠሪ ሥራውን ያመጣል፣ ገዢ ሳይነካው በፊት።
ጣቴን እሰዳለሁ። የሚሽከረከረው ጥርስ ጋ ከደረሰ፣
ቺንጋውን ከነካ፣ አላለፈም፤ ነገሩ እዚያ ላይ ፈረሰ።

በኅዳር አጋማሽ፣ በቆሎው ሲደርቅ፣
አጎቴ ይስማው መጣ፣ በያጅ ነው፣ የሚያውቅ፤
ከሽንዲ፣ በአይሱዙ ጭኖ፣ በሸራ ሸፍኖ፣
ራሱ በያጅ፣ ራሱ ቀለም ቀቢ ሆኖ።
"መፈልፈያ ነው" አለኝ፤ "በሰዓት ሃያ ኩንታል!
አምና በዱላ ያደረ፣ ዘንድሮ ይተኛል።"

ሞተሩ ተነሣ። ግቢው ተንቀጠቀጠ።
ቆረቆንዳው በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ አመለጠ።
"አየህ?" አለኝ፣ ላቡን በክንዱ ጠርጎ።
አየሁ፤ ብየዳው ቀጭን፣ እንደ ስፌት ተደርጎ።

ትልቁን ጣት ሰደድኩ፤ ክዳኑ መለሰው።
በጎን፣ በግርጌ፣ በአፉ፤ የትም አላስገባው።
አጎቴ ፈገግ አለ፤ ማኅተሙን በዓይኑ ፈለገው።
ሣጥኔን እንደገና ስከፍት ግን ፊቱን ጣለው።

ትንሹ ጣት ገባ፤
ከቺንጋው መከለያ በታች፣ በአንዲት ክፍተት፣
ምንም ሳያግደው፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ምልክት።

"ማን ሕፃን ያስጠጋል?" አለኝ። "ፍሬው ሲፈናጠር
ለቃሚው ማነው?" አልኩት፤ "አምና እንዬ፣ በሣህን፣ ከእግራችሁ ሥር..."
ዝም አለ። ከዚያ ዝምድና ጠራ፤ የአያቴን ስም፣
ወባ በጣለኝ ክረምት ማን እንዳዘለኝ፤ እኔም አልረሳሁም።
አምስት ሊትር ማር በጄሪካን ከጋቢና አወረደ።
እኔ ግን የያዝኩት ከሻጭም ከገዢም ያልተወለደ
ጣት ነው። "ብታልፍም ብትወድቅም ክፍያዬ ያው ነው" አልኩት።
ማሩን ወደ ጋቢናው እኔው ራሴ መለስኩት።

ቅኔ ቤት ነበርኩ፣ ዋሸራ፣ ሁለት ክረምት ብቻ፤
ያቋረጥኩ፤ ይዤ የወጣሁት ባዶ ስልቻ።
ግን የኔታ አንማው ማታ ነገራ ሲቀበሉ፣
ለወንድማቸው ልጅ እንኳ፣ "አንድ ቀለም ተርፏል፤ ሂድ፣ ነገ" ሲሉ፣
ልጁ ሲያለቅስ፣ እሳቸው መቋሚያቸውን እንደ ተደገፉ፣
"እኔ ባዝንልህ ጉባኤ አያዝንም፤ እዚያ ይበላሃል አፉ።"

ጻፍኩ፦ አላለፈም። ፈረምኩ። ቀኑን።
ይስማው ሳያየኝ አስነሣ መኪናውን።
ሦስት ሳምንት እናቴ ስልኬን አላነሣችም፤
ከሽንዲ እስከ ቡሬ ወሬ እግር እንጂ ልጓም የለውም።

ተመለሰ፣ ለገና አንድ ሳምንት ሲቀረው።
ክፍተቱን በብረት ወንፊት ደፍኖታል፤ ብየዳው ገና ትኩስ ነው።
ትንሹን ጣት ሰደድኩ። ቆመ። ገፋሁት፤ አሻፈረኝ አለ።
በሥሩም፣ በዳሩም፣ ወንፊቱ ከለከለ።
"ስጠኝ" አለኝ አጎቴ። ጣቷን በመዳፉ ያዛት፣
አገላበጣት፤ ከትንሿ ጣቱ አስጠግቶ ለካት።
"የእንዬን ታክላለች" አለ።
ሌላ ምንም አላለ።

ማኅተሙን መታሁ። ቀለሙ ደርቆ ነበር፤ ሁለቴ መታሁ።

ቅዳሜ፣ ኩች ገበያ፣ ሌላ መፈልፈያ ሲጮህ ሰማሁ፤
ማኅተም የለው፣ ክዳን የለው፤ ቺንጋው ራቁቱን ሲሮጥ አየሁ።
ባለቤቱን ጠጋ ብዬ አነጋገርኩ። "አንተ ማነህ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤
እኔ ሣጥን እንጂ ሥልጣን የሌለኝ ሰው።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖብኛል፤ በባጃጅ፣ በለቅሶ ቤት፣
ሰው መልስ ሲቀበል፣ ሰው እጁን ሲያነሣ ለጸሎት፣
እቆጥራለሁ። አምስት። አምስት። አራት። አራት ተኩል።
የራሴን ኪሴ ከትቼ፣ ቆሜ ከአንድ በኩል።

ባለፈው እሑድ እንዬ ለሰላምታ እጇን ስትሰጠኝ፣
"ምን ትቆጥራለህ?" አለችኝ፤
መልሱ ጠፋኝ።